በሰሜኑ ግድግዳ ላይ የቆመው ሰው

ሩዋይዳ ባሏን ዳግመኛ ያየችው ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በአንድ ማክሰኞ ረፋድ ነው።

በሜልበርን ዳርቻ፣ ከፖይንት ኩክ አዳዲስ ሰፈሮች ማዶ፣ ሜዳ ላይ ብቻዋን በቀረች አሮጌ የድንጋይ ጎጆ ውስጥ ነበረች። ሥራዋ ነው። አርክቴክት ናት፤ የጥንት ቤቶችን እየመረመረች እንዴት እንደሚታደሱ ሪፖርት ትጽፋለች። ሜትሯንና ደብተሯን ይዛ፣ በዝቅተኛው በር ጎንበስ ብላ ገባች። ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ቆም አለች... ከዚያ አየችው።

ምድጃው አጠገብ፣ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ፣ እርጥበት ያጠቆረው የሰው ቁመት ያህል ጥላ አለ። ትከሻውን በአንድ ወገን አስደግፎ፣ አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ የቆመ ወንድ። ልክ ባሏ ናሲር በር ላይ ይቆም እንደነበረው!

ሌላ ሰው ቢሆን «የእርጥበት ምልክት» ብሎ ጽፎ ያልፈው ነበር። እሷም በስንት ቤት እንዲያ ብላ አልፋለች። ይህን ግን አላለፈችውም። ሄዳ መዳፏን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

«ናሲር...» አለች በሹክሹክታ።

«አሰላሙ አለይኩም!» አለ የወንድ ድምፅ።

የጮኸችው ጩኸት ለጠላትም አይስጥ። ዘወር ስትል አንድ ረጅም፣ ጢሙ በኖራ የነጣ ሰው ባልዲ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። እሱም ከእሷ ባላነሰ ደንግጧል።

«አብሽሪ፣ አብሽሪ እህቴ! ሰው ነኝ። ሙንታሲር እባላለሁ። ድንጋይ ጠራቢው ነኝ፤ እትዬ እታገኘሁ ናቸው የቀጠሩኝ።»

«አታንኳኳም እንዴ?»

«ምኑን ላንኳኳ? በር የለውም እኮ!»

እውነቱን ነው፤ በሩ ከተነቀለ ዘመን አልፎታል። ሩዋይዳ በድንጋጤ የጣለችውን ደብተር ከመሬት አነሣች።

የጎጆዋ ባለቤት እትዬ እታገኘሁ ፉትስክሬይ ሰፈር ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ በርበሬና ሽሮ የሸጡ ሴት ናቸው። ከልጃቸው ጋር ቦታውን ሲገዙ ጎጆዋ እንደ ምርቃት አብራ መጣች። እንዳያፈርሷት የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት፣ ካውንስሉ፣ ታሪካዊ ናት ብሎ መዝግቧታል። እንዳያከራዩአት ደግሞ የሰፈሩ ልጆች «ውስጧ ሰው ቆሟል» እያሉ ከሩቅ ነው የሚያልፏት። እትዬ ግን እጅ አይሰጡም። «ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችን አማርኛ ይማሩባታል! ‹ኑ ብሉ› ስላቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱልኝ ነገር ማብቃት አለበት» ብለው ቆርጠዋል።

ሙንታሲር ባልዲውን አስቀምጦ ግድግዳዎቹን በመዳፉ እየደባበሰ ዞረ። ድንጋይ ሲነካ ጣቶቹ ረጋ ይላሉ።

«የማን እጅ ነው ይህን የሠራው? ማሻአላህ!»

«ቶማስ የሚባል እንግሊዛዊ» አለች ሩዋይዳ። «ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሚስቱ አን አገሯ ናፍቋት አልቅሳ አልቅሳ ስታስቸግረው፣ እንግሊዝ ገጠር ያለውን የወላጆቹን ቤት ቁርጥ አድርጎ ሠራላት። ዝቅ ያለ በር፣ ሁለት ክንድ ውፍረት ያለው ግድግዳ፣ ሰው ውስጡ የሚቀመጥበት ሰፊ ምድጃ፣ ጥልቅ ትንንሽ መስኮቶች... አንድም ነገር አላጎደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ የሚቀዘቅዘው?»

«ምንም ባለማጉደሉ ነዋ! እንግሊዝ አገር ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው የምትዞረው፤ እዚህ ደግሞ በሰሜን። እሱ ግን መስኮቶቹን በሙሉ እንደ አገሩ ወደ ደቡብ አደረጋቸው። ቤቱ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ቀረ። አን ሁለት ዓመት እንኳ አልኖረችበትም፤ በሳንባ በሽታ ሞተች።»

ሙንታሲር ራሱን ነቀነቀ።

«አልፈርድበትም ወላሂ። እኔም ከወሎ የመጣሁ ሰሞን ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ ሰሜን ስሰግድ ነበር። እኛ ጋ ካዕባ በሰሜን ነው። አባቴም አያቴም ወደዚያው ነው የሰገዱት። እዚህ በምዕራብ መሆኑን ማን ይንገረኝ? ሰንሻይን ሰፈር አብሮኝ የሚኖረው ልጅ አንድ ቀን አይቶኝ ‹ሙንታሲር፣ ፍሪጁን ምን በድለኸው ነው ይቅርታ የምትጠይቀው?› አለኝ።»

ሩዋይዳ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። ከሦስት ዓመት ወዲህ እንዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ግድግዳው ላይ የቆመው ሰው ትዝ አላትና አፏን በእጇ ሸፈነች። ባሏ ፊት ከሌላ ወንድ ጋር የሳቀች መሰላት።

ሙንታሲር ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ።

«ጥፋቱ ይሄ ሲሚንቶ ነው» አለ። «በኋላ የመጡ ሰዎች ለማሳመር ብለው የለሰኑት ነው። የጥንት ድንጋይ የሚተነፍሰው በኖራ ነው። ሲሚንቶ ሲያለብሱት ውሃው ውስጡ ታስሮ ይቀራል። አያቴ ሾንኬ ተራራ ላይ የድንጋይ ቤት ሲጠግኑ ‹ግንቡን አታፍኑት› ነበር የሚሉት። አንቺ ፈርሚልኝ እንጂ ይህን ልስን አንሥቼው ግድግዳው ይደርቃል። ይህ ጥቁሩም ይጠፋል።»

«ይጠፋል?»

«ምልክቱም አይቀር!»

የምሥራች እየነገራት ነበር። እሷ ግን ደረቷ ላይ ድንጋይ የወደቀባት ያህል ተሰማት።

ናሲር የሞተ ዕለት ጠዋት እንዲህ ሆኖ ነበር። ሩዋይዳ ለከሰዓት የሚደርስ ፕላን ትሥላለች። እሱ ሰንሻይን ወዳለው መጋዘን ለሺፍቱ ሊወጣ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ልማዱ ነው፤ ሥራዋን አያቋርጣትም። ትከሻውን መቃኑ ላይ አስደግፎ፣ ቀና እስክትል ይጠብቃታል። «ሄድኩ እንግዲህ» አላት። «እሺ፣ እሺ፣ አንድ መስመር ብቻ...» አለችው፣ ቀና ሳትል። ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ሄደ። ዝናብ ነበር፤ መኪናው መንገድ ላይ ተንሸራተተ። በዚያን ዕለት ምን ዓይነት ሸሚዝ እንደለበሰ እንኳ አታውቅም። ሌላው ሁሉ ይቅርና፣ ይህ አንገበገባት።

እና አሁን አገኘችው። እንዴት ብላ «አጥፉልኝ» ብላ ትፈርም?

ሥራው ከጣሪያው ተጀመረ፤ ወደ ጭስ ማውጫው ወረደ፤ የደቡቡ ግድግዳ በኖራ ታደሰ። ሩዋይዳ በምሳ ሰዓቷ ከቢሮ እየወጣች «ሳይት ልጎበኝ ነው» እያለች መመላለስ ያዘች። ሙንታሲር ውጭ ድንጋይ ሲጠርብ እሷ ውስጥ ባልዲ ገልብጣ ትቀመጣለች። ዝናብ ከዘነበ ጥላው ይጠቁራል፤ ትከሻው ይጎላል፤ ፊት የሚያወጣ ይመስላል። ያን ቀን ደስ ይላታል። ፀሐያማ ቀን ከሰነበተ ደግሞ ፈዘዝ ይላል፤ ትሰጋለች። ሰው ሁሉ የሜልበርንን ክረምት ሲራገም እሷ ብቻ ዝናብ ትለምን ነበር።

አንድ ቀን ስትገባ ባልዲው የለም። በቦታው ለስለስ ተደርጎ የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። ላዩ ላይ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«መቀመጫ» አለ ሙንታሲር ከውጭ፣ መሮውን ሳያቆም። «ኢንጅነር ባልዲ ላይ ስትቀመጥ ማየት ደብሮኝ ነው።»

«አርክቴክት ነኝ።»

«አርክቴክትም ቢሆን ይበርደዋል!»

ያን ቀን ወደ ቢሮ ስትመለስ ትሬን ውስጥ ብቻዋን ፈገግ አለች። በማግሥቱ ደማቅ ቀለም ያለው ሻሽ አሰረች። በሦስተኛው ቀን ለእሱም ምሳ ቋጥራ መጣች። ወይኔ ልቧ! ውጭ ከሙንታሲር ጋር ተቀምጣ ትበላለች፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ግድግዳውን ይቅርታ ትጠይቃለች። «ዛሬም ዘገየሁብህ አይደል፣ ናሲርዬ? አትቆጣኝ... እመጣለሁ ብዬህ እኮ አልቀረሁም።»

ከዚያ በኋላ አንድ ሰኞ ሙንታሲር ተለወጠ። ምሳውን አልነካም። «አንቺ» ማለቱን ትቶ «እርስዎ» ሲላት ቆሌዋ ተገፈፈ።

«ምን ሆነህ ነው? ምን አጠፋሁ?»

«እርስዎ ምንም አላጠፉም። አጥፊው እኔ ነኝ።» ዓይኗን አያያትም። «ባለፈው ሳላስበው ሰማሁዎት። ከባለቤትዎ ጋር ሲያወሩ... ናሲርዬ ሲሉት። ስልክ ላይ መሰለኝ። ባለትዳር መሆንዎን አላወቅሁም ነበር። ባውቅ ያንን መቀመጫ... ያንን ሁሉ አላደርግም ነበር።»

አሁን አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። «ሞቷል» ማለት። ግን «ሞቷል» ካለች ውስጥ የቆመው ማን ሊሆን ነው?

«አዎ» አለች። «ባለትዳር ነኝ።»

ሙንታሲር አንገቱን ደፋ። «አላህ ያኑርላችሁ» ብሎ መዶሻውን አነሣ።

ያን ሳምንት ሩዋይዳ በሙያዋ ጽፋው የማታውቀውን ውሸት ጻፈች። «የሰሜኑ ግድግዳ ልስን ጤናማ ስለሆነ ባለበት እንዲቆይ» ብላ ፈረመች። ሙንታሲር ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው።

«በአላህ ይሁንብዎት፣ ይህን እርስዎ ነዎት የጻፉት? ይህ ግድግዳ ሁለት ክረምት አይሻገርም! ልጆች ሊማሩበት አይደለም እንዴ?»

«ውሳኔዬ ነው።»

«እንግዲያው እኔ እዚህ ሥራ የለኝም። ሆባርት ከተማ አንድ የድንጋይ ድልድይ አለ፣ ለአንድ ዓመት ሥራ ሲጠሩኝ ነበር። የጀመርኩትን ጨርሼ በሚመጣው ሳምንት አርብ እሄዳለሁ።»

መሄዱ ነው... ሩዋይዳ «አትሂድ» በማለት ፈንታ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ ወጣች።

ሰኞ ረፋድ እትዬ እታገኘሁ ሥራውን ሊያዩ መጡ። የልጅ ልጆቻቸው የሚቀመጡበትን ቦታ በእጃቸው እየለኩ ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ተጠጉ። «ሰሌዳው እዚህ ጋ ይሰቀላል፤ ትንንሾቹ ከፊት...» አሉ። ከበላያቸው ጭር የሚል ድምፅ ተሰማ። ሙንታሲር ከበሩ ተወርውሮ ክንዳቸውን ጎተታቸው። የጠረጴዛ ስፋት ያለው የሲሚንቶ ልስን እሳቸው ቆመውበት የነበረው ቦታ ላይ ተከሰከሰ። አቧራው ነጠላቸውን አለበሰው።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ፣ አቧራውን እያራገፉ። «ሩዋይዳ ልጄ፣ ይህ ደህና ነው ብለሽ አልነበር?»

ሩዋይዳ ድንጋዩ መቀመጫ ላይ ዝርፍጥ አለች።

«ዋሽቼ ነው፣ እትዬ። ይቅር በሉኝ። ሊገድልዎት ነበር... ዋሽቼ ነው!»

እትዬ እታገኘሁ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ ሙንታሲርን አዩ። ብዙ ያዩ ሴት ናቸው። «እኔ ውጭ ፀሐይ ልሙቅ። እናንተ ተነጋገሩ» ብለው ወጡ።

ሙንታሲር ቁጢጥ ብሎ ፊቷ ተቀመጠ። «እርስዎ» ማለቱን ረስቶታል።

«ሩዋይዳ፣ ለምን?»

«ናሲር የለም» አለች። «ሞቷል። ሦስት ዓመት ሆነው።»

«ታዲያ ማንን ነበር...»

እጇን አንሥታ ግድግዳውን አሳየችው።

«እሱን።»

ይስቅብኛል፣ ወይም አዑዙ ቢላህ ብሎ ይወጣል ብላ ጠበቀች። ሙንታሲር ግን ቀስ ብሎ ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ። ጥላውን ከእግሩ እስከ ራሱ ረጅም ጊዜ አየው።

«ቁመቱ ይህን ያህል ነበር?»

«ትንሽ ያጥራል።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚቆመው?»

«ሁልጊዜ! ቀና እስክል ይጠብቀኛል። የመጨረሻ ቀን ግን ቀና አላልኩም። ሙንታሲር... ቀና ብዬ አላየሁትም! አሁን ባየው ምን አለበት?» አለችና እንባዋ ተዘረገፈ። ለቅሶ ቤት ያላለቀሰችው ለቅሶ ነው።

እስኪወጣላት ጠበቃት።

«አብሽሪ» አላት በመጨረሻ። «በቃ ካላልሽ በቀር አልነካውም። ሆባርትም ብሄድ ሌላ ሰው እንዲነካው አላደርግም፤ ለእትዬ እኔ እነግራቸዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ናሲር ይወድሽ ነበር?»

«በጣም።»

«ታዲያ በዚህ ብርድ ይህን ሁሉ ጊዜ ቁም ብትይው... ደስ ይለው ነበር?»

ሩዋይዳ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ተነሥታ ግድግዳው ፊት ቆመች። መዳፏን እንደ መጀመሪያው ቀን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ ግንባሯንም አስጠጋች። ያለችው ነገር ለእሷና ለግድግዳው ይቅር።

ከዚያ ዘወር ሳትል እጇን ወደኋላ ዘረጋች።

«መዶሻውን ስጠኝ። መሮውንም።»

ከእግሩ ጀመረች። አመታቷ አያምርም፤ ሁለቴ ጣቷን ቀጠቀጠች። ሙንታሲር አልቀማትም። ጎኗ ሆኖ የምትነቅለውን ሲሚንቶ ያነሣል። ጉልበት ድረስ እንደደረሱ እጇን ያዘ።

«ቆይ! ቆይ እስቲ...» ድንጋዩን በመጥረጊያ ጠረገው። «ይህ ግድግዳ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ደፍ ነው። የመስኮት ደፍ!»

ከዚያ በኋላ አላረፉም። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ልስኑ በተነሣ ቁጥር ቀጥ ያሉ መቃኖች በግራና በቀኝ ወጡ። መሐሉን የሞላው እንደ ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ አልነበረም። በጭቃ የተጠቀጠቀ ልል ድንጋይ ነው። ውሃውን ሲጠጣ የኖረው እሱ ነው። ትከሻ የመሰላት ከመስኮቱ አናት ያለው ጉበን የተሰነጠቀበት ጥግ፤ እግር የመሰላትም ወደ መሬት የወረደው ነጠብጣብ ነው። ጉበኑ ላይ በመሮ የተጻፈ አገኙ፦ «ለአን»። ከሥሩ ወርና ዓመተ ምሕረት ተቀርጿል፤ አን ከመሞቷ ከጥቂት ወራት በፊት ነው።

«ስህተቱ ገብቶት ነበር» አለች ሩዋይዳ ቀስ ብላ። «ፀሐይ እንድታገኝ ይህን ከፍቶላት ነበር።»

«ስትሞትበት ደፈነው» አለ ሙንታሲር።

የመጀመሪያዋን ልል ድንጋይ ሲስብ አንዲት ትንሽ ነገር እጁ ላይ ወደቀች። ሲሰፉ ጣት ላይ የሚጠልቋት የብረት ቆብ ናት። ቶማስ የሚስቱን መስፊያ አብሮ ግንብ ውስጥ ቀብሮታል። ሩዋይዳ በመዳፏ ይዛ ብዙ አየቻት። አንድ ሰው ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት እዚሁ ቦታ ቆሞ፣ በገዛ እጁ፣ በጠራራ ፀሐይ ላይ ድንጋይ ሲደረድር ታያት። አዘነችለት። ለራሷም አዘነች።

«ክፈተው» አለች።

የመጨረሻው ድንጋይ ወደ ውጭ ሲገፋ ቀትር ነበር። የክረምት ፀሐይ ዝቅ ብላ በሰሜን ስለምትዞር ገብታ ምድጃው ድረስ ተዘረጋች። ያን ቀንም ሥራውን ሊያዩ የመጡት እትዬ እታገኘሁ ከውጭ እልል አሉ። ሩዋይዳ ጥላው የነበረበትን ቦታ ተመለከተች። በመስኮቱ ውስጥ ሜዳውና የፖይንት ኩክ ጣሪያዎች ይታያሉ። ሌላ ማንም የለም። ደነገጠች፤ አለቀሰች፤ ፀሐዩም ሞቃት።

አርብ ሆነ። ሩዋይዳ መስኮቱ ሥር በሁለት ባልዲ ላይ ሳንቃ ጋድማ ሪፖርቱን እንደ አዲስ እየጻፈች ነው። እውነቱን። የእግር ኮቴ ሰማች፤ ኮቴው በሩ ላይ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ሙንታሲር ከበሩ በኩል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሩዋይዳ... ሄድኩ እንግዲህ። አይሮፕላኑ ለዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«እሺ፣ አንድ መስመር ብቻ...» አለች፣ ቀና ሳትል።

ብዕሯ ቆመ።

ያንኑ ቃል ነው የተናገረችው። ያንኑ! ፈራች፤ ቀና ብላ በሩን ባዶ ብታገኘውስ?

ቀና አለች።

ሙንታሲር ትከሻውን መቃኑ ላይ አስደግፎ ቆሟል። ሻንጣው እግሩ ሥር ነው። ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል፤ ክርኑ ጋ ተቀዷል። ጢሙን ተከርክሟል፤ ኖራው ግን ጆሮው ጋ ቀርቷል። ዓይኑ ቀልቷል። ሁሉንም አየች።

«ሙንታሲር።»

«አቤት?»

«አትሂድ።»

«ትኬቱን ቡክ አድርጌያለሁ እኮ...»

«ካንስል አድርገው!»

«ምን ብዬ?»

«የሰሜኑ ግድግዳ አላለቀም በል።»

«አልቋል። የቀረው መስታወት ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ሚስት ላገባ ነው በል!»

ከአፏ እንደወጣ ራሷም ደነገጠች። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ሙንታሲር አንድ ጊዜ ሻንጣውን አየ፤ አንድ ጊዜ እሷን። ከዚያ ሻንጣውን በእግሩ ወደ ውስጥ ገፋው።

«ይህንንስ አምነው ካንስል ያደርጉልኛል» አለ። ድምፁ ግን ተሰበረ።

አዲስ አበባ ያሉት አባቷ ፈቃዳቸውን በስልክ ሰጡ። ኒካሁም በጥቅምት በዚያችው ጎጆ ታሰረ። ድንጋዩ መቀመጫ ላይ እትዬ እታገኘሁ ተቀመጡ፤ ማንም ቢለምናቸው አልተነሡም። የአን የጣት ቆብ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሙንታሲር አንዲት ትንሽ ምልክት በመሮ ቀርጿል፤ ከወሎ አዲስ የሚመጣ ሰው ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር እንዳይቸገር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ አማርኛ ሲማሩ ሩዋይዳ ከኋላ ተቀምጣ ፕላኗን ትሥላለች። ሲመሽ ሙንታሲር ሊወስዳት ይመጣል። አይጠራትም፤ በሩን ተደግፎ ይጠብቃታል።

ቀና ትላለች።